ጉልበትና ኪሎ፦ ውፍረት መገጣጠሚያን የሚጎዳው በምን በኩል ነው?

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከወንበር ሲነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይሳባል። ከዚያ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፍና ትንፋሹን ሰብስቦ እየገፋ ይነሣል። ቀጥ ካለ በኋላም ወዲያው አይራመድም፤ ጉልበቱ «እሺ» እስኪለው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆም ይላል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ «ክብደት ቀንስ»። የእሱም መልስ የታወቀ ነው፦ «እያመመኝ በምን እግሬ ተንቀሳቅሼ ልቀንስ?»

ሐኪሙ አልተሳሳተም። ታማሚውም ሰበብ እየፈለገ አይደለም። የጎደለው በመሃል ያለው ማብራሪያ ነው። «ቀንስ» ብሎ፣ ማስታገሻ ጽፎ፣ ለቀጣዩ ታካሚ በር መክፈት ለማንም ሲጠቅም አላየሁም። ስለ ጉዳዩ ብዙዎቻችን የምናውቀው የመኪና ጎማን ምሳሌ ነው፦ ጭነት ሲበዛ ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ ጉልበትም እንደዚያው። ምሳሌው ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። የቀረውን ለማየት እጃችንን መመልከት ያስፈልጋል፤ እዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ እንግባ። ሁለት አጥንቶች ሲገናኙ ጫፋቸው ባዶውን አይነካካም። ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ የሚባል ነጣ ያለ፣ የሚያንሸራትት ሽፋን አላቸው። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ከክብደቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ደግሞ ውሃ ነው። ውሃውን አጥብቆ የሚይዘው እንደ መረብ የተሠራ የፕሮቲን ክር ሲሆን፣ በመረቡ መሃል ውሃ የሚስቡ ሞለኪውሎች ተሰግስገዋል። ስንረግጥ ይጨመቅና ፈሳሹ ወጣ ይላል፤ እግራችንን ስናነሣ መልሶ ይጠጣል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡ የሚገባለትም ቆሻሻው የሚወጣለትም በዚህ መጨመቅና መለቀቅ ነው። ስለዚህ ጭነት በራሱ ጠላቱ አይደለም። እንዲያውም በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት እግራቸው መንቀሳቀስ ባቆመ ሰዎች ላይ ልም አጥንታቸው እየሳሳ መሄዱ ታይቷል። ጣጣው የሚመጣው ጭነቱ ሕዋሳቱ ጠግነው ከሚደርሱበት በላይ ሲሆን ነው።

ልም አጥንት ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ ሲሳሳ አይጮኽም። ሕመሙ የሚሰማን ከሥሩ ያለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ገለፈትና ዙሪያው ያሉት ጅማቶች መጎዳት ሲጀምሩ ነው። ራጅ ላይ ክፉኛ የተበላ ጉልበት ይዞ ያለ ችግር የሚሄድ ሰው አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣም አለ። ልም አጥንቱ እየሳሳ መገጣጠሚያው የሚጎዳበት ይህ በሽታ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 በዓለም ዙሪያ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 365 ሚሊዮን ያህሉ ጉልበታቸውን ነው የታመሙት።

ለመሆኑ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ስንት ነው? ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት እግሩ ሲቆም ጭነቱ ለሁለት የሚካፈል ይመስለዋል። አይካፈልም። በርሊን ውስጥ የተሠራና በ2010 የታተመ ጥናት ይህን በግምት ሳይሆን በቀጥታ ለክቶታል። አምስት ሰዎች በቀዶ ሕክምና የተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ጉልበት በውስጡ መለኪያ ነበረው፤ የሚያርፍበትን ጫና ያለ ሽቦ ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ሰዎቹ በሁለት እግራቸው ዝም ብለው ሲቆሙ እንኳ አንዱ ጉልበት ላይ ያረፈው ከሙሉ የሰውነት ክብደታቸው በትንሹ የሚበልጥ ነበር። ሜዳ ላይ ሲራመዱ 2.6 እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ከወንበር ሲነሡ 2.5፣ ደረጃ ሲወጡ 3.2፣ ሲወርዱ ደግሞ 3.5 እጥፍ ገደማ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች «መውጣቱስ ይሁን፣ መውረዱ ነው የሚገድለኝ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ትርፉ ከየት መጣ? ከጡንቻ። ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ መያዝና እጃችሁን ዘርግታችሁ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያይ ታውቁታላችሁ፤ ጀሪካኑ ያው ነው፣ ክንዳችሁ የሚከፍለው ግን ይለያል። ጉልበትም ሲታጠፍ ሰውነት እንዳይወድቅ የጭን ጡንቻ አጥብቆ ይጎትታል፤ ሲጎትት ደግሞ ሁለቱን አጥንቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። በዚህ የተነሣ የተጨመረው ኪሎ አባዝቶ ነው የሚያርፈው። ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸውና ጉልበታቸውን በሚያማቸው 142 አዛውንቶች ላይ የተደረገ፣ በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ አስልቷል።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናድርሰው። አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው 20 ኪሎ አነሣ ማለት ነው። በቀን 6,000 እርምጃ ቢሄድ አንዱ እግር 3,000 ጊዜ ይረግጣል። ሦስት ሺህ ጊዜ 20 ኪሎ፣ 60,000 ኪሎ፤ ማለትም 600 ኩንታል፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጉልበት ላይ። እርግጥ ነው ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያርፍ ስላልሆነ ቁጥሩን ለማስደንገጫ መጠቀም ተገቢ አይደለም። ግን «አምስት ኪሎ ምን አላት» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ጫናው በጉልበቱ ላይ እኩል እንደማይበተንም ልብ በሉ። ስንራመድ አብዛኛው ወደ ውስጠኛው ጎን፣ ሁለቱ ጉልበቶች ወደሚተያዩበት በኩል ያደላል። እግሩ እንደ ቀስት ወደ ውጭ የጎበጠ ሰው ላይ ይህ ይብሳል፤ ተጨማሪው ኪሎም ቀድሞውኑ በደከመው በኩል ይከመራል።

እስካሁን የጎማው ምሳሌ አላሳፈረንም። አሁን እጃችሁን ተመልከቱ። በእጁ የሚራመድ ሰው የለም። ጣት የሰውነት ክብደት አይሸከምም። ሆኖም ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች የጣት መገጣጠሚያቸው በኦስቲዮአርትራይተስ የመያዙ ዕድል ከሌላው ሰው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ጭነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣት ምን አገባው?

መልሱ ያለው ስብ ራሱ ላይ ነው። ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1994 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ሲያገኝ ነገሩ ተለወጠ፦ ስብ በደም በኩል አንጎልን የሚያናግር፣ እንደ ዕጢ የሚሠራ አካል ሆኖ ተገኘ። የስብ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲሞሉ ደግሞ ተጨንቀው የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራሉ። ሁለቱ ተባብረው ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ ብግነት እንደ ጉንፋን ትኩሳት ነዶ የሚጠፋ አይደለም፤ አመድ ውስጥ እንደተዳፈነ ፍም ነው። አይታይም፣ ግን አይበርድም። በደም ተጉዞ የመገጣጠሚያውን ገለፈት ያስቆጣል። መልእክቱ የልም አጥንት ሕዋሳት ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የገዛ ራሳቸውን መረብ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ማምረት ይጀምራሉ። ሌፕቲን በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ጉልበት ላይማ መንገዱ ይበልጥ አጭር ነው፤ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ከጅማቱ ኋላ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የተቀመጠ የራሱ የስብ ትራስ አለ።

እናም ጉልበት ከሁለት አቅጣጫ ይመታል፤ በኬሚካል የሳሳው ልም አጥንት ላይ ያ ሁሉ እርምጃ ያርፍበታል። ጣትን የሚደርሳት አንደኛው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ዶሮ ቀደመች ወይስ እንቁላል» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ምናልባት መጀመሪያ ጉልበታቸውን አሟቸው፣ መንቀሳቀስ አቆሙ፣ ከዚያ ወፈሩ? ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ የተመለሰውም በትዕግሥት ነው። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነዋሪዎች ላይ በ1948 ለልብ በሽታ ተብሎ የተጀመረ ረጅም ክትትል ነበር። ያኔ ሲመዘኑ አማካይ ዕድሜያቸው 37 ዓመት ነበር። ከ36 ዓመት ገደማ በኋላ 1,420ዎቹ ጉልበታቸውን ራጅ ተነሡ። በወጣትነታቸው ከሁሉ በላይ ከባድ የነበሩት አንድ አምስተኛ ሴቶች በሽታው የተገኘባቸው ቀለል ካሉት ሁለት እጥፍ ያህል ነበር፤ በወንዶች ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ። ውፍረቱ ቀድሟል ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሁለቱ እየተመጋገቡ እንደሚሄዱ ማንም ሕመምተኛ ይመሰክራል፤ ያመዋል፣ ይቀመጣል፣ ይወፍራል፣ ይብስ ያመዋል።

ሁሉም መገጣጠሚያ እኩል አይጎዳም። ዳሌ ላይም ግንኙነቱ አለ፤ እንደ ጉልበት ግን የጠነከረ አይደለም። ቀጫጭን ሰዎችም ጉልበታቸውን ይታመማሉ፤ የድሮ ጉዳት፣ ዘር፣ ዕድሜና የሥራ ዓይነት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ወፍራም ሰው ጉልበቱን ሲያመው ምክንያቱ ታውቋል ብሎ ሳይመረምሩ መመለስ ስንፍና ነው።

ሪህ ግን ለብቻው መነገር አለበት፤ ቃሉን ለማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም ስለምናውለው ብዙ ግራ መጋባት አምጥቷል። በሕክምና ሪህ ማለት ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ በዝቶ፣ እንደ መርፌ ሹል በሆኑ ቅንጣቶች መልክ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲቀመጥ የሚመጣ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌሊት፣ በእግር አውራ ጣት ሥር ነው፤ ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ከውፍረት ጋር የሚያገናኘው መንገድ ከጉልበቱ ፈጽሞ የተለየ ነው። ትልቅ ሰውነት ብዙ ዩሪክ አሲድ ያመርታል። ውፍረት የኢንሱሊንን መጠን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ ኩላሊት አሲዱን ጠርጎ ከማስወጣት ይልቅ መልሶ ይይዘዋል። ገቢው ጨመረ፣ ወጪው ተዘጋ።

ሪህ ያለበት ሰው ክብደት ሲቀንስ በጊዜ ብዛት ዩሪክ አሲዱ ይወርዳል። አጣድፎ፣ በረሃብ ራሱን ቀጥቶ ከቀነሰ ግን ሪሁ ሊነሣበት ይችላል። ሰውነት ስብ እያቃጠለ ሲኖር የሚያመርታቸው ኬቶን የሚባሉ ነገሮች ኩላሊት ላይ የዩሪክ አሲዱን መውጫ ይሻሙታልና። «ቀንስ ብለውኝ ቀነስኩ፣ ባሰብኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትሳቁበት፤ ቀስ ብሎ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ሐኪሙ እያወቀ መሄድ ነበረበት።

የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ሩማቶይድ አርትራይተስም በወፍራም ሰዎች ላይ በመጠኑ ይበዛል፤ መድኃኒቱም በደንብ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። ከቆዳ በሽታው ከሶሪያሲስ ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ በሽታ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል።

ልጆች ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ወፈር ያለ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ «ጉልበቴን» እያለ ቢያነክስና ጉልበቱ ሲታይ ደህና ቢሆን፣ ዳሌው ይታይለት። የጭን አጥንት ራስ ከአንገቱ ላይ ሲንሸራተት ሕመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ፣ ለነገ የማይባል ጉዳይ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ቀንሶ ምን ይገኛል? የተበላው ልም አጥንት ተመልሶ አይበቅልም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል፤ ስድስት ወር ለፍቶ ራጅ ተነሥቶ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። የሚለወጠው ሕመሙና መንቀሳቀሱ ነው። ገና ያልታመመ ሰውማ ከዚያም በላይ ያተርፋል። በእነዚያው የፍራሚንግሃም ሴቶች ላይ የተሠራና በ1992 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ያህል የቀነሱት ጉልበታቸው የመታመሙ ዕድል ከግማሽ በላይ መውረዱን አሳይቷል።

ለታመሙት ደግሞ በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። 454 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን በአመጋገብ ብቻ፣ አንዱን በእንቅስቃሴ ብቻ፣ አንዱን በሁለቱም ለ18 ወር ተከታተለ። ሁለቱንም የያዙት በአማካይ ከክብደታቸው 11 በመቶ ገደማ ቀነሱ፤ ሕመማቸውም በግማሽ ያህል ወረደ። በእንቅስቃሴ ብቻ ከሄዱት ይልቅ አመጋገብ ያስተካከሉት ላይ የብግነቱ ምልክት ከደማቸው ይበልጥ ቀንሶ ነበር፤ ፍሙ በረድ ብሏል ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ሴማግሉታይድ የተባለው የክብደት መቀነሻ መርፌ 407 ሰዎች ላይ ለ68 ሳምንት ተሞከረ። መርፌውን የወሰዱት 13.7 በመቶ፣ ባዶ መርፌ የተወጉት 3.2 በመቶ ቀነሱ። ሕመማቸው ከመቶ በሚለካ መመዘኛ በቅደም ተከተል 41.7 እና 27.5 ነጥብ ወረደ። የሁለተኛው ቁጥር እኔን ይበልጥ ይስበኛል፤ ባዶ መርፌ የተወጉትም እንደ ሌሎቹ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክርና ክትትል ነበራቸው።

አማርኛ ይህን መገጣጠሚያም፣ ኃይልንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል መጥራቱ ደስ ይለኛል፤ በአካል ጥናትም ያስኬዳልና። የጭን የፊት ጡንቻ ሲጠነክር እርምጃው ጉልበት ላይ ከማረፉ በፊት ድንጋጤውን ይቀበለዋል። ሲሟሽሽ ግን ሁሉ ነገር አጥንቱ ላይ ይወድቃል። ክብደት ስንቀንስ ከሚሄደው ኪሎ ውስጥ የተወሰነው ጡንቻ ነው፤ በመርፌም ሆነ በአመጋገብ። ስለዚህ በቂ ፕሮቲን ሳይበሉና ጡንቻ ሳያሠሩ መቀነስ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀበል ነው።

«በምን እግሬ?» ላለው ሰው እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በወንበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ፣ አምስት ድረስ ቆጥሮ ማውረድ። ከዚያ ከፍ ካለ ወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ ሲለመድ ዝቅ ካለው። ገንዳ የሚያገኝ ሰው ውሃ ውስጥ ይራመድ፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። ምርኩዝ የሚይዝ ደግሞ ከሚያመው እግር በተቃራኒ ባለው እጁ ይያዝ። ብዙው ሰው በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው፤ ያ ጫናውን በደንብ አያነሣለትም። ስንሠራ ትንሽ ቢያም ጉዳት አይደለም፤ በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ነው፣ ካልተመለሰ መጠኑን መቀነስ።

መገጣጠሚያው በድንገት ካበጠ፣ ካተኮሰና ሰውነትም ትኩሳት ካለው ግን ስፖርቱ ይቅርና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያው ደርቆ ለመፍታት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅበትም ይመርመር። ኦስቲዮአርትራይተስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል፤ ከዚያ የረዘመው ወደ ሩማቶይድና መሰሎቹ ያመለክታል።

ሚዛን ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ ኪሎ ሳምንቱን ሙሉ ንቅንቅ ላይል ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሌላ መለኪያ አለ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ግድግዳ ካስደገፉት ወንበር ላይ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ መቀመጥ እንደሚቻል መቁጠር። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፉት፤ ከወር በኋላ በዚያው ወንበር ላይ እንደገና ቁጠሩ።